ሕመም የማይሰማው እግር

በደባርቅ ለተሰበሰቡ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ስለ ስኳር ሕመምተኞች እግር አጠባበቅ የተነገረ ንግግር



ከወገራ ደጋ እስከ ሊማሊሞ ቁልቁለት፥ ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ጃናሞራና በየዳ ተራራ ድረስ የሚኖር ሰው ኑሮው በእግሩ ላይ የቆመ ነው። ገበሬው ከበሬው ኋላ የሚከተለው በእግሩ ነው፤ ገበያተኛው ወደ ገበያ፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፥ ምእመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው በእግሩ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር እግሩን ያጣ ሰው ከአካሉ አንዱን ክፍል ብቻ ያጣ አይደለም፤ ሞፈሩንና ቀንበሩንም አብሮ አጥቷል። መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እኩል ለመካፈል ይገደዳል፤ ልጁም ትምህርቱን ትቶ እርፍ ይጨብጣል። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሻም፥ የቤትም፥ የትምህርት ቤትም ጉዳይ መሆኑን አስቀድማችሁ እንድታስተውሉት እለምናችኋለሁ።

እግዚአብሔር ለሰው ሥጋ ሕመምን የሰጠው ለዘበኝነት ነው። እሾህ ቢወጋን ወዲያው እንጮሃለን፤ ጠጠር ጫማችን ውስጥ ቢገባ ቆመን እናወጣዋለን፤ እሳት ቢለበልበን እግራችንን እንሰበስባለን። ይህን ሁሉ የሚያሳስበን ሕመም የሚባለው ዘበኛ ነው። የስኳር በሽታ በቈየበት ሰው ዘንድ ግን ይህ ዘበኛ ቀስ በቀስ ያንቀላፋል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ያን ጊዜ እግሩ በር ተከፍቶለት ዘበኛ እንደሌለው ቤት ይሆናል። ሌባው ሲገባ የሚጮህ የለም። ስለዚህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሕመም የማይሰማውን እግር በየማታው ዓይን ሊጠብቀው ይገባል። ቀሪው ሁሉ የዚህ ትርጓሜ ነው።

የስኳር በሽታ ምን እንደ ሆነ

የምንበላው ምግብ በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ከፊሉ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ከደም ጋር ይዋሐዳል። ይህንም ስኳር ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ነው። ኢንሱሊን ሲጎድል ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ምልክቱም ውሃ ጥም መብዛት፥ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፥ እየበሉ መክሳትና መድከም ነው። ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ ያደረ ሰው ደሙ ተመርምሮ በአንድ ዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ስኳር ቢገኝበት፥ ይህም በሁለተኛ ምርመራ ቢጸና፥ የስኳር በሽታ አለበት ይባላል።

ብዙ ሰው ይህ ደዌ የሀብታም በሽታ ነው፤ ጮማ የሚቈርጥና ጠጅ የሚጠጣ ከተሜ እንጂ ገብስና ባቄላ የሚበላ ባላገር አይዘውም ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጎንደር ሕክምና ኮሌጅ የነበሩት ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወንዶች፥ ከሲታዎችና ድኾች፥ መሬት አራሾች መሆናቸውን አስረድተዋል። በልጅነት የደረሰ የምግብ ማነስ ለዚህ ደዌ ምክንያት ይሆን እንደ ሆነም እንደገና እንዲመረመር ጠይቀዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ማኅበር በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ ማነስ የሚመጣውን የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ ከሲታው ገበሬ ያለ ምክንያት ሲጠማና ሲከሳ ብታዩት፥ ድኻ ነውና ይህ በሽታ አይነካውም ብላችሁ አትለፉት።

ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ተገኝቶ፥ በሚከተለው ዓመት በጥር ወር ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ተሰጠ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞት ነበር። መድኃኒቱ ሕይወትን አረዘመ፤ ሕይወት በረዘመ ጊዜ ግን የእግሩ ጉዳት ተገለጠ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የነበሩት ታላቁ ሐኪም ኤልየት ጆስሊን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. ስለዚሁ ስለ እግር መበስበስ ጽፈው፥ ሕመምተኛውን ማስተማርና የእግር ንጽሕና ብዙ እግር ሊያድኑ እንደሚችሉ ለሐኪሞች አሳስበዋል።

እግር እንዴት እንደሚጠፋ

ሽማግሌዎች ሆይ፤ እግር ባንድ ቀን አይጠፋም፤ በደረጃ ነው የሚጠፋው። ደረጃውንም የሚያውቅ ሰው መካከል ላይ ሊያግደው ይችላል።

በመጀመሪያ በደም ውስጥ የተከማቸው ስኳር ለዓመታት ነርቭ የሚባሉትን ቀጫጭን የስሜት ጅማቶች ይጎዳል። ከሁሉ የሚረዝሙት ወደ እግር ጣት የሚወርዱት ስለ ሆኑ ጉዳቱ ከጣት ይጀምራል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ይነዝረዋል፥ ያቃጥለዋል፥ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል፤ ኋላም ይደነዝዛል። ስሜቱ የጠፋበትም ሰው ብዙ ጊዜ «ተሻለኝ፤ ማቃጠሉ ተወኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የዳነ አይደለም፤ ዘበኛው ሞቶ ነው።

ሁለተኛ፤ እግሩ ማላብ ይተዋል፤ ስለዚህ ቆዳው ይደርቃል፥ ተረከዙም ይነቃል። የእግሩ ጡንቻዎችም ሲደክሙ ጣቶቹ ይቈለመማሉ፤ የሰውነትም ክብደት ባንድ ስፍራ ላይ ይወድቃል። በዚያም ስፍራ ቆዳው ይጠነክራል። ጠንካራው ቆዳ ለእግር ጋሻ ይመስላል፤ በእውነት ግን በሥጋው ላይ ተጭኖ እንደሚኖር ጠጠር ነው፤ ከበታቹ ያለውን ሥጋ ጨፍልቆ ሳይታይ ያቈስለዋል።

ሦስተኛ፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ቢሆን ይልቁን ይጠባሉ። ደም በደንብ ያልደረሰው ቁስል ውሃ እንዳልደረሰው ቡቃያ ነው፤ አያገግምም።

አራተኛ፤ በተከፈተው ቁስል ተሐዋስያን ይገባሉ። ሥጋው ይመግላል፤ መግሉ በጅማት መንገድ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ እስከ አጥንትም ይደርሳል። ሥጋው ሲሞት ይጠቍራል፤ ይህም ጋንግሪን ይባላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሕይወትን ለማትረፍ ጣትን፥ አለዚያም እግርን ይቈርጣል።

ከስኳር ሕመምተኞች መካከል ከመቶ ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል እንደሚያገኛቸው ሊቃውንት ይገምታሉ። በዚህ በሽታ ምክንያት ከሚቈረጡት እግሮችም ከመቶ 85 ያህሉ አስቀድሞ በእግር ቁስል የጀመሩ ናቸው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከተቈረጡትም ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በአምስት ዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ ብዙ ምርምር አሳይቷል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በዓለም ላይ የስኳር በሽታ ያለባቸው አዋቂዎች 589 ሚሊዮን ተብለው ተገምተዋል። ይህን ቍጥር ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ ያችን የመጀመሪያይቱን ትንሽ ቁስል በጊዜዋ ያየ ሰው ምን ያህል ጥፋት እንደሚከለክል እንድትመዝኑት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከሥጋ ደዌ የተገኘ ትምህርት

የደነዘዘ እግር ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ጣታቸው ሲያልቅ ያየ ብዙ ነው፤ ደዌው ራሱ ሥጋውን የሚበላው ይመስል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ አገር በቬሎር ሆነው እነዚህን ሕመምተኞች በጥንቃቄ በመረመሩ ጊዜ ግን፥ ጣትና እግር የሚጠፋው በአብዛኛው ስሜት በማጣት ምክንያት መሆኑን አስተዋሉ። ሰውየው ትኵስ ብረት ይይዛል፥ በቈሰለ እግሩም ሳያነክስ ይሄዳል፤ ሕመም አይከለክለውምና። ቁስሉ ካረፈ ግን ይድናል። ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደው ይህንኑ ትምህርት ለስኳር ሕመምተኞች እግር አዋሉት። በአገራችንም በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማስተማር አለርት የሚባለው ተቋም ተመሥርቷል። የሁለቱ ደዌዎች ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ በተሐዋሲ ይመጣል፥ ሁለተኛው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእግሩ አጠባበቅ ግን አንድ ነው።

በለንደን ከተማ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ደግሞ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለስኳር ሕመምተኞች እግር ብቻ የሚሠራ ክፍል ተከፈተ። በዚያም ሐኪሙ፥ ቀዶ ጠጋኙ፥ ነርሷ፥ እግር አስተካካዩና ጫማ ሠሪው ባንድነት አንዱን እግር ይመለከቱ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ባወጡት ጽሑፍ የሚቈረጠው እግር በግማሽ ያህል መቀነሱን አስታወቁ። በዚያ ሆስፒታል ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ፒተር ዋትኪንስ ኋላ ወደ ጎንደር መጥተው ከዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ጋር ሠርተዋል። ሁለቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የስኳር በሽታን የመሰለውን ነባር ደዌ የሚከታተል ክፍል ሲከፈት የሕመምተኛው ወጪ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሕክምና ወደ ሰውየው ሲቀርብ ሰውየው መድኃኒቱን አይተውም። ከጤና ጣቢያም ይልቅ ለሰውየው የሚቀርበው የገዛ ቤቱ ነውና፥ የእግር ጥበቃ ከዚያ ሊጀመር ይገባል።

የማታው እግር አጠባ

እግር ማጠብ ለእኛ አዲስ ልማድ አይደለም። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ውሃ ይሞቅለታል፤ ልጅ የአባቱን እግር አጥቦ ይመረቃል፤ በጸሎተ ሐሙስም ካህናት የጌታችንን ትሕትና ለማሰብ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። እንግዲህ የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ይህ መልካም ልማድ በየማታው ቢደረግ፥ በሐኪም ቤት ከሚደረገው ምርመራ መካከል አንዱ በቤት ተደረገ ማለት ነው። የአደራረጉም ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፤ ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ ትኵስ አይሁን። ሙቀቱን የሚለካው ሕመምተኛው በእግሩ ሳይሆን፥ አጣቢው በክንዱ ነው። በደነዘዘ እግር ውሃ የሚለካ ሰው ቆዳው ተልጦ ሳለ «ገና አልሞቀም» ይላል።

2ኛ፤ በሳሙና ይታጠብ፤ ነገር ግን በገበቴ ወይም በሳፋ ውስጥ ነክሮ ማቈየት አይገባም፤ ቆዳውን ያልመዋልና።

3ኛ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ፤ ይልቁንም በጣቶች መካከል ርጥበት አይቅር። የነቃ ተረከዝ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን ምንም አይቀባ።

4ኛ፤ በፋኖስ ወይም በእጅ ባትሪ ብርሃን እግሩ ይታይ፤ ላይኛው፥ ውስጠኛው፥ ተረከዙና የጣቶቹ መካከል ሁሉ። የሚፈለገውም ጭረት፥ ስንጥር፥ እሾህ፥ ሙጀሌ፥ ውሃ የቋጠረ ስፍራ፥ መቅላት፥ መጥቈር፥ ጠንካራ ቆዳ፥ በሥጋ ውስጥ የበቀለ ጥፍር ነው። ሁለቱንም እግር በእጅ ጀርባ እየነኩ ማስተያየት ይገባል። አንዱ ከሌላው ይልቅ ቢሞቅና ቢያብጥ፥ ቁስል ባይታይበትም እንኳ፥ በውስጡ አጥንት እየተሰበረ ይሆናልና ሳይረግጡበት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቈረጥ፤ ማዕዘኑ ወደ ሥጋ አይቈፈር። ጠንካራ ቆዳን በምላጭ መላጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ስሜቱ መጥፋቱንና አለመጥፋቱን ለማወቅም ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረግ ፈተና አለ። በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የገለጡት ነው። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን። ፈታኙ በጣቱ ጫፍ የአውራ ጣቱን፥ የመካከለኛውንና የትንሿን የእግር ጣት ጫፍ፥ በሁለቱም እግር፥ በቀስታ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ይንካ፤ አይጫን፥ አይዳስስም። ሕመምተኛው በተሰማው ጊዜ ቀኝ ወይም ግራ ይበል። ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለቱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ካልተሰሙት ስሜቱ ቀንሷልና ለጤና ጣቢያ ይነገር። ይህን ፈተና መምህሩም፥ የተማረ ልጅም፥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ልታደርገው ትችላለች። ስሜቱ ደኅና የሆነ ሕመምተኛ እግሩን በዓመት አንድ ጊዜ በሐኪም ቤት ያስመርምር፤ ስሜቱ የጠፋበት ቢያንስ በየስድስት ወሩ፤ ከዚህ በፊት ቁስል የነበረበት ግን በየአንድ ወይም በየሦስት ወሩ።

ስለ ጫማና ስለ እሳት

ስሜቱ የጠፋ እግር በቤት ውስጥም ቢሆን ባዶውን አይሂድ። ከባዶ እግር ይልቅ ጫማ ይሻላል፤ ነገር ግን ኮንጎም ሆነ በረባሶ ወይም የቆዳ ጫማ የሚጠብና የሚፈገፍግ ከሆነ ራሱ ያቈስላል። ጫማ የሚገዛ ሕመምተኛ እግር ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ገደማ ይግዛ፤ በአዲስ ጫማም ባንድ ቀን ሩቅ መንገድ አይሂድ። ከማጥለቁም በፊት በየጊዜው እጁን አስገብቶ ጠጠርና ምስማር አለመኖሩን ይመልከት፤ ካልሲም ያድርግ።

የስሜን ብርድ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበየዳና በጃናሞራ ከዚያም የሚበልጥ ብርድ አለ። በዚህ አገር ሰው ማታ እግሩን ወደ ምድጃ ዘርግቶ መሞቁ የተለመደ ነው። ስሜት ለጠፋበት እግር ግን ምድጃው ጠላት ነው፤ ሥጋው ሲጠበስ ባለቤቱ ያንቀላፋል። ስለዚህ በካልሲና በብርድ ልብስ ይሙቅ፤ ወደ እሳት አይጠጋ፤ የጋለ ድንጋይም በእግሩ ላይ አያኑር።

ቁስል የተገኘ እንደ ሆነ

ቁስሉ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፥ ምንም ባያምም፥ «አያመኝምና ምንም አይደለም» አይባል። ይልቁንም ስለማያም ያስፈራል። ፈልቶ በበረደ ውሃ ይታጠብ፤ ታጥቦ በፈላና በደረቀ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እበት፥ አመድ፥ ቅቤ፥ ጨው፥ የቡና ዱቄት፥ የቅጠል ጭማቂ አይደረግበት። እበትና አፈር መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ያመጣሉ። በጋለ ብረት መተኰስም ባልታመመው ላይ ሁለተኛ ቁስል መጨመር ነው። የካፕሱል ዱቄት ከሱቅ ገዝቶ በቁስሉ ላይ መነስነስም አይጠቅምም፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ መርጦ ለመመገል ምልክት ሲያዝዝ ብቻ ይወሰዳል።

መቅላት፥ ማበጥ፥ መግል፥ ክፉ ሽታ፥ መጥቈር፥ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት የታየ እንደ ሆነ ግን ሌሊቱን አሳድሮ ነገ እንይ ማለት እግርን መሸጥ ነው፤ ሕይወትንም ሊያስከፍል ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መድረስ ይገባል። ይህንም የሚያህል ሕመምተኛ በእግሩ አይሂድ። ጌታችን በምሳሌ ያስተማረን ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ቁስሉን አሰረለት፤ ከዚያም በራሱ እንስሳ ላይ አስቀምጦ ወሰደው እንጂ ተከተለኝ አላለውም። በበቅሎ ቢሆን፥ በቃሬዛ ቢሆን፥ በመኪና ቢሆን ቁስሉ መሬት ሳይነካ ይሂድ።

የሕክምናውም ዋና ነገር አራት ነው። የመጀመሪያው ማሳረፍ ነው፤ ክብደት እንዳያርፍበት በጄሶ ወይም በልዩ ጫማ ይደገፋል። ሰው በቁስሉ ላይ እየተራመደ መድኃኒት ቢያደርግበት፥ በቀን ግንብ ሠርቶ በማታ እንደሚያፈርስ ሰው ነው። ሁለተኛው የሞተውን ሥጋ በሠለጠነ እጅ ማስወገድና በየጊዜው ንጹሕ ማሰሪያ መለወጥ ነው። ሦስተኛው መመገልን በመድኃኒት ማጥፋትና ደም ወደ እግር መድረሱን መመርመር ነው። አራተኛው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ማስተካከል ነው። ሐኪሙ አንድ ጣት ይቈረጥ ባለ ጊዜ ደግሞ ከመሸሽ በፊት መስማት ያስፈልጋል፤ በጊዜው የተቈረጠች ጣት ጉልበትን ታድናለችና። ቁስሉ ከዳነም በኋላ ጥበቃው አይቋረጥ፤ ከዳኑት ከመቶ 40 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቈስላሉ።

ስለ ጠበልና ስለ ጾም

ካህናት ባሉበት ጉባኤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነገሩ ጐደሎ ይሆናል። እግሩ የጠቈረ ሰው መተት ረግጦ ነው ተብሎ፥ ወይም መጋኛ መታው ተብሎ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ወራት ያልፋል። ሌላውም ጠበል ሲገባ መርፌውን ትቶ ይገባል። በካልዕ ዜና መዋዕል በ16ኛው ምዕራፍ ንጉሥ አሳ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን እንደ ታመመና ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን እንዳልፈለገ ተጽፏል። ይህን ጠቅሶ ሐኪምን የሚከለክል ሰው ቢኖር፥ የንጉሡ ጥፋት እግዚአብሔርን መተዉ እንጂ ሐኪም መጥራቱ አለመሆኑን ይመልከት። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ያስተምራልና። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ ኢንሱሊኑን ግን አያቋርጥ፤ ቁስሉንም በጭቃና በድንጋይ ላይ አያስረግጥ። ጾምንም በሚመለከት የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን አማክሮ ያድርግ። መርፌ ወግቶ ምግብ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለሕመምተኛ እንደምትራራ ካህናቱ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የመምህሩና የሽማግሌው ድርሻ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ብዙ ሰው የስኳር በሽታውን ለሚስቱና ለልጁ እንኳ ይደብቃል። ይህን እፍረት ሐኪም ብቻውን አያስወግደውም፤ የሽማግሌ ቃል ያስወግደዋል። የዕድርና የማኅበር መሪዎች በሰንበቴው ላይ ነገሩን ቢያነሡ፥ ለቈሰለ ሰውም በቅሎና ቃሬዛ ቢያዘጋጁ፥ ቁስሉ እስኪድን ድረስም እርሻውን በወንፈልና በደቦ ቢያርሱለት፥ ሕመምተኛው ከመራመድ ያርፋል። ዕረፍት ያጣ ገበሬ ግን ሐኪሙ ምንም ቢመክረው ተነሥቶ ያርሳል፤ ልጆቹ ይራባሉና። እንግዲህ እግሩን የሚያድነው መድኃኒት ከፊሉ በጎረቤቱ እጅ ነው።

መምህራን ደግሞ ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችሁ ብትሰጡ በየቤቱ አንድ ተመልካች ዓይን አቈማችሁ ማለት ነው። የአያቱ ዓይን ደክሟል፤ በስኳር ምክንያትም ዓይኑ ተጎድቶ ይሆናል፤ ወገቡም አጎንብሶ የእግሩን ውስጥ ለማየት አይታዘዝለትም። የልጅ ዓይን ግን ስንጥሯን ያያል። ልጁ ማታ የአያቱን እግር አጥቦ፥ በብርሃን አይቶ፥ ያየውንም ቀን ጽፎ በደብተሩ ቢያኖር፥ ከቁጥርና ከጽሕፈት ትምህርት የሚበልጥ ጥቅም ለቤቱ አስገኘ። ሕመምተኛው የሆነ ተማሪም በትምህርት ቤት ቢኖር፥ መርፌውን የሚወጋበት ስፍራና ምግብ የሚቀምስበት ጊዜ እንዲኖረው፥ በጓደኞቹም እንዳይሳቅበት የእናንተ ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ወደየመንደራችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ በየመንደራችሁ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አውቃችሁ፥ በዚህ ሳምንት ውስጥ እግራቸው በጣት ንክኪ እንዲፈተንና ውጤቱም ለጤና ኬላው እንዲነገር አድርጉ። ሁለተኛ፤ ማንም የቤት ሽማግሌ እግሩን ለልጁ ዘርግቶ ማሳየትን እንደ ውርደት እንዳይቈጥረው ምከሩ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ፥ እግርን ማጠብም ማስታጠብም ክብር ሆኗልና።

እግዚአብሔር የአገራችንን ሰው እግር ከመሰናከል ይጠብቅ።